ለጸበሉ ማን ይክፈል?
ስለ ጤና መድህንና ስለ እምነት ፈውስ የቀረበ ዲስኩር



የዚህ መድረክ አዘጋጆች ሲጋብዙኝ የሰጡኝ ጥያቄ አንዲት መስመር ነች፦ «የሕዝብ ጤና መድህን ለእምነት ፈውስ መክፈል አለበት ወይ?» ጥያቄዋ አጭር ብትሆንም በዚህ አዳራሽ ውስጥ የማትነካው ሰው የለም። ከቤተሰቡ መካከል ጸበል የተጠመቀ፣ ሩቅያ የተቀራለት፣ ወይም ፓስተር እጁን ጭኖ የጸለየለት ሰው የሌለው እጁን ያውጣ ብል፣ ብዙ እጅ የማይ አይመስለኝም። በሌላ በኩል ብዙዎቻችሁ የጤና መድህን አባላት ናችሁ፤ በየዓመቱ መዋጮ ትከፍላላችሁ። ስለዚህ የምንነጋገረው ስለ ራሳችን እምነትና ስለ ራሳችን ገንዘብ ነው።

እንደ አንዳንድ ተናጋሪ እስከ መጨረሻው አላንጠለጥላችሁም፤ መልሴን አሁኑኑ ልንገራችሁ። መድህኑ ለጸሎቱ አይክፈል፤ ሕክምናውን ግን ጸሎቱ ያለበት ድረስ ይውሰድ። ይህችን አባባል ደጋግሜ አነሳታለሁ፣ አትሰልቹኝ። ሁለት ግማሾች አሏት፤ አንዱን ይዞ ሌላውን የጣለ ሰው እኔ ያልኩትን አላለም።

በአራት ነጥብ እሄዳለሁ። በመጀመሪያ፣ የመድህኑ ገንዘብ የማን እንደሆነና ለምን እንደሚወጣ። ሁለተኛ፣ ይህን ጥያቄ ከእኛ ቀድማ የተጋፈጠችው አሜሪካ ምን እንደደረሰባት። ሦስተኛ፣ «ይከፈል» የሚሉ ወገኖች የሚያነሱት ክርክርና የእኔ ምላሽ። አራተኛና የመጨረሻው፣ ምን እናድርግ የሚለው።

አንደኛ፤ ገንዘቡ የማን ነው?

የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን በሀገራችን በሙከራ የተጀመረው በ2003 ዓ.ም. ነው። በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በያኔው የደቡብ ክልል በ13 ወረዳዎች ተጀመረና እየሰፋ ሄደ። አሠራሩን ታውቁታላችሁ። አባወራው ወይም እማወራዋ በዓመት አንዴ መዋጮ ይከፍላሉ። መክፈል ለማይችለው ድሃ መንግሥት ይከፍልለታል። ከቤተሰቡ አንዱ ሲታመም መታወቂያውን ይዞ ጤና ጣቢያ ይሄዳል፣ ካርድ ያወጣል፣ ይመረመራል፣ መድኃኒቱን ይቀበላል፤ ኪሱን አይዳብስም። ጤና ጣቢያው ሒሳቡን ለመድህኑ ያቀርባል፤ መድህኑም አይቶ ይከፍላል።

ይህ አሠራር ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ እድር ብላችሁ አስቡት። በብዙ ሰፈር እድር ውስጥ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አለ። ሰው ሲሞት እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ወንበሩንና ድስቱን ያወጣል፣ ለሐዘንተኛው የተወሰነውን ገንዘብ ይሰጣል። ፍትሐቱን፣ ተዝካሩን፣ ሰደቃውን ግን ቤተሰቡ እንደየእምነቱ ያደርገዋል። በእድር ስብሰባ ላይ ተነስቶ «የአባቴን ተዝካር እድሩ ይደግስልኝ» የሚል ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አልሰማሁም። ተዝካር ስለተናቀ አይደለም። የጋራ ገንዘብ ሁላችን ለተስማማንበት ጉዳይ ብቻ እንደሚወጣ ሳንጽፈውም ስለምናውቀው ነው።

መድህኑም ለሁሉም ነገር አይከፍልም። መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ለውበት ሲባል የሚደረግ ቀዶ ጥገና ከአገልግሎቱ ውጭ ተደርገዋል። መነጽር ጥቅም የለውም ያለ የለም። ማየት ያቃተው ሽማግሌ መነጽር ቢያገኝ ሕይወቱ ይለወጣል። ገንዘቡ ግን ውስን ነው፤ ለአንዱ ሲሰፋ ከሌላው ይቀነሳል።

ከሌላው ይቀነሳል ስል ምን ማለቴ እንደሆነ በቅርብ ላሳያችሁ። ከጤና ጣቢያዎቻችን ወደ አንዱ፣ ስሙን ልተወው፣ ጠዋት ሂዱና የመድኃኒት ቤቱ መስኮት አጠገብ ቁሙ። አንዲት እናት የደም ግፊት መድኃኒት የታዘዘላቸውን ወረቀት ከመድህን መታወቂያቸው ጋር አጣጥፈው ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጥረው መጥተዋል። ቋጠሮውን ይፈቱና በመስኮቱ ያቀብላሉ። ከውስጥ ያለችው ልጅ አየት አድርጋ ትመልስላቸዋለች፦ «ይሄ አልቋል እማማ፤ ከውጭ ይግዙት።» እማማ ወረቀቱን መልሰው ይቋጥራሉ። መዋጮውን ከፍለዋል፣ ወረፋውን ጠብቀዋል፣ ተመርምረዋል፤ መድኃኒቱ ግን የለም። ይህን ያላየ የመድህን አባል አለ? አንድ አዲስ ነገር ከመድህኑ ይከፈል በተባለ ቁጥር እኔ መጀመሪያ የማስበው እኚህን እናት ነው።

ሁለተኛ፤ የአሜሪካ ታሪክ

አሁን ራቅ ብለን እንሂድ፤ ስለ ውጭ ሀገር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው። አሜሪካ ውስጥ «ክርስቲያን ሳይንስ» የሚባል ሃይማኖት አለ። ሜሪ ቤከር ኤዲ የተባሉ ሴት ቤተ ክርስቲያኑን የመሠረቱት እ.ኤ.አ. በ1879 ቦስተን ውስጥ ነው። አማኞቹ ሲታመሙ ብዙውን ጊዜ ሐኪም ዘንድ አይሄዱም። በዚሁ ሥራ የተሠማራ ጸሎተኛ ይጠራሉ፤ እሱም አጠገባቸው ሆኖ ወይም በስልክ ይጸልይላቸዋል፣ ለጊዜውም ክፍያ ይቀበላል። የራሳቸው የማስታመሚያ ቤቶችም አሏቸው። እዚያ ታማሚው ይተኛል፣ ይበላል፣ ገላው ይታጠባል፣ ቁስሉ ይጠረጋል፤ መድኃኒት ግን አይሰጠውም።

አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1965 ለአረጋውያን «ሜዲኬር» የተባለውን የሕዝብ ጤና መድህን ስታቋቁም የዚህ ቤተ ክርስቲያን የማስታመሚያ ቤቶች በሕጉ ውስጥ በስም ገቡ። መንግሥት መክፈል ጀመረ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። ከሳሾቹ «ሕጉ አንድን ሃይማኖት ለይቶ ይጠቅማል» አሉ፤ በ1996 አንድ የፌዴራል ዳኛ ተቀበላቸው። ምክር ቤቱም በ1997 ሕጉን እንደገና ጻፈው። የቤተ ክርስቲያኑን ስም አወጣና «ሃይማኖታዊ የሆኑ ሕክምና የማይሰጡ የእንክብካቤ ተቋማት» የሚል አጠቃላይ ስያሜ ሰጠ። በ2000 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት አዲሱን ሕግ አጸናው፤ ዛሬም ይሠራበታል።

ከዚህ ሕግ ሁለት ነገር ልብ በሉልኝ።

አንደኛው፣ ሜዲኬር የሚከፍለው ለአልጋው፣ ለምግቡና ለአስታማሚዋ ድካም ነው። ለጸሎቱ አይከፍልም። ይህን በር የከፈተችው ሀገር እንኳ ጸሎቱ ላይ ስትደርስ ቆማለች።

ሁለተኛው ይበልጥ ያሳስበኛል። ወደ እነዚህ ቤቶች መግባት የሚፈልግ ታማሚ ሕሊናው የሕክምናን አገልግሎት እንደማይቀበል በጽሑፍ ማረጋገጥና መፈረም አለበት። ከፈረመ በኋላ ወዶ ሐኪም ዘንድ ከታከመ ፊርማው ይሻራል። ሁለት ጊዜ ከተሻረበት እንደገና ለመፈረም አንድ ዓመት ይጠብቃል፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ቢሻርበት አምስት ዓመት። አያችሁ? ሕጉ ታማሚውን «ወይ ጸሎት ወይ ሐኪም፣ አንዱን ምረጥ» ይለዋል። ሕግ አውጪዎቹ ክፉ ሰዎች ሆነው አይደለም። ገንዘብ የሚከፍል አካል ለምን እንደሚከፍል መለየት አለበትና መስመር ማስመር ነበረባቸው። ሲያሰምሩ ግን መስመሩ የታማሚውን ሰውነት ለሁለት ከፈለው።

ክርክሩ በ2009 እንደገና ተቀሰቀሰ። የፕሬዚዳንት ኦባማ የጤና ማሻሻያ ሕግ ሲረቀቅ ቤተ ክርስቲያኑ የመድህን ድርጅቶች መንፈሳዊ ሕክምናን ከክፍያ እንዳያገሉ የሚከለክል አንቀጽ እንዲገባ ወተወተ። ከዴሞክራቶች ጆን ኬሪ፣ ከሪፐብሊካኖች ኦሪን ሃች ደገፉት። አንቀጹ በረቂቅ ደረጃ ገብቶ ነበር፤ በ2010 በጸደቀው ሕግ ውስጥ ግን የለም።

ተቃዋሚዎቹ ካነሷቸው ማስረጃዎች አንዱን ብቻ ልጥቀስ። በ1998 አንድ የሕፃናት ሐኪምና አንዲት የልጆች መብት ተሟጋች፣ ከ1975 እስከ 1995 ባሉት ዓመታት ወላጆቻቸው በእምነት ምክንያት ሕክምና የከለከሏቸውንና የሞቱ 172 ልጆችን ታሪክ መርምረው አሳተሙ። ከ172ቱ 140ዎቹ በተለመደው ሕክምና የመዳን ዕድላቸው ከ90 በመቶ በላይ በሆነ ሕመም የሞቱ ነበሩ። እነዚህ ወላጆች ልጆቻቸውን ይወዱ ነበር። ይጸልዩም ነበር።

ሦስተኛ፤ «ይከፈል» የሚሉን ምን ይላሉ?

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። «መድህኑ ለጸበሉም፣ ለጸሎቱም፣ ለሩቅያውም ይክፈል» የሚል ሰው ሞኝ አይደለም፤ ክርክሩ ሚዛን ይደፋል። በቅንነት ላቅርበው።

የመጀመሪያው ክርክር «ይፈውሳልና» የሚል ነው። ምስክሩ ብዙ ነው። ተሸክመዋት መጥተው በእግሯ የሄደች፣ ሐኪም ተስፋ ቆርጦበት ዛሬ ልጅ የሚያሳድግ፣ ሁላችንም የምናውቀው ሰው አለ። እኔ ዛሬ እዚህ የቆምኩት ያንን ምስክርነት ለመካድ አይደለም። የመድህን ጥያቄ ግን ሌላ ነው። መድህን «እግዚአብሔር ይፈውሳል ወይ?» ብሎ መጠየቅ አይችልም። የሚችለው «ይህ አገልግሎት ለማን፣ ለየትኛው ሕመም፣ ስንት ጊዜ ተሰጠ? ምን ውጤት አመጣ?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ጸሎትን በዚህ መንገድ ለመለካት የሞከሩ አሉ። በ2006 የታተመ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት የልብ ቀዶ ጥገና የተደረገላቸውን 1,802 ሰዎች በሦስት ቡድን ከፍሎ ተከታተለ። ሊጸለይላቸውም ላይጸለይላቸውም እንደሚችል ከተነገራቸው መካከል፣ ከተጸለየላቸው 52 በመቶው፣ ካልተጸለየላቸው 51 በመቶው የጤና ችግር ገጠማቸው። ልዩነት የለም ማለት ነው። እንደሚጸለይላቸው በእርግጠኝነት ከተነገራቸው ደግሞ 59 በመቶው። አንድ የእምነት ሰው ይህን ሲሰማ «እግዚአብሔር በቁጥር አይፈተንም» ይላል። እኔም እስማማለሁ። ግን የማይፈተን ነገር ለሒሳብ ሹም አይቀርብም። ሁለቱን በአንድ ላይ መያዝ አይቻልም፤ ከመለኪያ በላይ የሆነ ነገር ከደረሰኝም በላይ ነው።

በዚህ ሚዛን የሚመዘነው እምነት ብቻ አይደለም። ፈረንሳይ ለ«ሆሚዮፓቲ» መድኃኒቶች ከዋጋቸው 30 በመቶውን ከሕዝብ መድህን ትከፍል ነበር። ሕዝቡ ይወዳቸዋል፣ ፋብሪካው የሀገር ነው። በ2019 የሀገሪቱ የጤና ባለሥልጣን መርምሮ በቂ ጥቅም አላየሁም አለ። ክፍያው በ2020 ወደ 15 በመቶ ወረደ፣ ከ2021 መጀመሪያ ጀምሮ ቀረ። መውደድና መክፈል የተለያዩ ነገሮች ሆነው ተገኙ።

ሁለተኛው ክርክር «ሕዝቡ የሚሄደው እዚያ ነው» የሚል ነው። እውነት ነው። በአማኑኤል ሆስፒታል ወደ አእምሮ ሕክምና የመጡ ሰዎችን መንገድ የተከታተለ ጥናት፣ ከሦስቱ አንድ የሚሆኑት መጀመሪያ የሄዱት ወደ ቄስ፣ ወደ ጸበል ወይም ወደ ቤተ ክርስቲያን እንደነበር አሳይቷል። ታዲያ «ሕዝቡ በእግሩ ከመረጠ መድህኑ ለምን አይከተለውም?» ይባላል።

መልሴን ለመስጠት ጸበል ቦታ ድረስ ልውሰዳችሁ። ጎህ ሳይቀድ ሰልፉ ይጀምራል። ጫማ ወልቋል። ቢጫ ጀሪካን በየሰው እጅ አለ። አንድ ወንድም እጁ የታሰረውን ታናሹን በትከሻው ደግፎ ቆሟል። ከጎንደር ወይም ከወለጋ ይመጣል፤ እርሻውን ትቷል። ለአንድ ሱባኤ ብሎ መጥቶ ሦስተኛው ነው። አሁን ይህን አስታማሚ ወጪው ምን እንደሆነ ጠይቁት። ለጸበሉ የከፈለው የለም። ገንዘቡን የጨረሰው አውቶቡሱ፣ የደሳሳ ቤቱ ኪራይ፣ ቆሎውና ዳቦው፣ ያልታረሰው መሬት ነው። መድህኑ «ለእምነት ፈውስ እከፍላለሁ» ብሎ ቢነሳ ለዚህ ወንድም የሚያቃልልለት ምንድን ነው? ነፃ ለሆነው ነገር ዋጋ ያወጣል፤ ዋጋ ያስከፈለው ነገር ባለበት ይቀራል።

ሦስተኛው ክርክር የእኩልነት ነው፦ «ሐኪም ለሚያምን ይከፈላል፣ ጸሎት ለሚያምን ለምን አይከፈልም?» ይህ ጠንካራው ነው። ነገር ግን እስቲ እሺ እንበልና አንድ እርምጃ እንሂድ። ለማን እንከፍላለን? ለአጥማቂው? ለሼኩ? ለፓስተሩ? ራሱን ነቢይ ነኝ ብሎ በቴሌቪዥን ለሚያውጀውስ? «እኔም በአያቶቼ መንፈስ አክማለሁ» ብሎ ለሚመጣው ባለ ዛርስ? የመድህን ቢሮ ለሐኪም ሲከፍል ፈቃዱን ያያል። ለጸሎት ሲከፍል የማንን ፈቃድ ያያል? ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ይላል፤ መንግሥት በሃይማኖት ጣልቃ አይገባም። ለጸሎት የሚከፍል መንግሥት ግን ትክክለኛውን ጸሎት ከሐሰተኛው መለየት ግድ ይሆንበታል። የወረዳ መድህን ባለሙያ «ይህ አጥማቂ እውነተኛ ነው፣ ያኛው አይደለም» ብሎ የሚፈርምበትን ቀን እንድናይ እንፈልጋለን? እኩልነት ፍለጋ የወጣ ሰው መንግሥትን የሃይማኖት ዳኛ አድርጎ ይመለሳል።

አራተኛው ነገር ክርክር አይደለም፤ ለሃይማኖት አባቶች የማቀርበው ጥያቄ ነው። አባቶቼ፣ በሐዋርያት ሥራ ውስጥ የተጻፈውን የሲሞንን ታሪክ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ፤ የመንፈስ ቅዱስን ስጦታ በገንዘብ ሊገዛ መጥቶ ጴጥሮስ እንዴት እንዳሳፈረው። ጸበሉ እስከ ዛሬ የተከበረው ድሃውም ሀብታሙም እኩል ስለሚቆምበት ነው። መድህኑ በነፍስ ወከፍ ሒሳብ መክፈል ከጀመረ በኋላስ? ቁጥር የሚያበዛ አይነሳም? ያልተጠመቀውን ተጠምቋል ብሎ የሚጽፍ አይኖርም? በሕክምናው ዓለም እንኳ የተጭበረበረ ሒሳብ ስንቱን ያታክታል! ጸሎቱን ከዚህ መጠበቅ የእምነት ሰዎች ፍላጎት መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ።

አራተኛ፤ ታዲያ ምን እናድርግ?

እዚህ ላይ የአባባሌ ሁለተኛ ግማሽ ይመጣል። መድህኑ ለጸሎቱ አይክፈል፤ ሕክምናውን ግን ጸሎቱ ያለበት ድረስ ይውሰድ።

በእኛ ሀገር ይህ አዲስ ሐሳብ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ሲጀመር በእንጦጦ ማርያም አካባቢ ለጸበል የሰፈሩ ብዙ ሕሙማን ነበሩ። ብዙዎቹ «መድኃኒት ከወሰድክ እምነትህ ጎደለ» የሚል ነገር ሰምተው ኪኒኑን ሸሹ፤ ጀምረው ያቋረጡም ነበሩ። የኤች አይ ቪ መድኃኒት ሲቋረጥ ቫይረሱ እንደገና ይባዛል፣ መድኃኒቱንም ሊለምደው ይችላል። ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2007፣ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በይፋ ተናገሩ፤ ጸበሉንም መድኃኒቱንም ውሰዱ፣ አይጣሉም አሉ። እስቲ ይህን ከአሜሪካው ፊርማ ጋር አስተያዩት። እዚያ ሕጉ «አንዱን ምረጥ» ሲል፣ እዚህ አባት «ሁለቱንም ያዝ» አሉ። ለዚህ አንድ ሳንቲም ከመድህን አልወጣም። በዚህ ጉዳይ ላይ እኛ ለአሜሪካ የምናስተምረው አለን።

እምነቱ ራሱም ይፈቅዳል። መጽሐፈ ሲራክ ሐኪምን ማክበር እንደሚገባ ያስተምራል። ወንጌላዊው ሉቃስ ሐኪም ነበር። በእስልምናም ነቢዩ ሙሐመድ ሕክምናን መፈለግን ማበረታታቸው በሰፊው ይታወቃል። «መድኃኒት ጣል» የሚለው ድምፅ ከእምነቱ ሥር የመጣ አይደለም።

የአህጉራችንን ልጅ ጋናንም እንይ። በአንድ የጸሎት ካምፕ ውስጥ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው 139 ሰዎች በጥናት ተካተቱ። ለገሚሱ ጸሎቱ ሳይቋረጥ የአእምሮ ሕክምና መድኃኒት ተጨመረላቸው፤ ገሚሱ በጸሎቱ ብቻ ቀጠሉ። በስድስት ሳምንት ውስጥ መድኃኒቱን ከጸሎቱ ጋር የወሰዱት ሕመማቸው በግልጽ ቀለለ። የካምፑ መሪዎች በራቸውን ከፍተው ነርሶቹን አስገብተው ነበር። በሰንሰለት የሚታሰሩበት ቀን ግን አልቀነሰም። ይህንንም አልደብቃችሁም፤ ኪኒን ብቻውን ሰንሰለት አይፈታም፣ ሰንሰለቱን የሚፈታው የካምፑና የቤተሰቡ ፈቃድ ነው። በእኛም ሀገር የአእምሮ ሐኪሞችና ካህናት በጸበል ቦታ አብረው የሠሩበት ልምድ አለ። ሊሆን እንደሚችል አይተናል።

እንግዲህ የማቀርባቸው ሐሳቦች አራት ናቸው።

አንደኛ፣ መታወቂያው ከሰውየው ጋር ይጓዝ። መድህናችን በአብዛኛው የተደራጀው በወረዳ ነው፤ ውሉ ከአካባቢው ጤና ጣቢያ ጋር ነው፤ ከዚያ ውጭ ለመታከም ሪፈር ያስፈልጋል። ከጎጃም መጥቶ እንጦጦ ሥር ለወራት የሚቆይ ታማሚ መድህኑ ጎጃም ቀርቷል። የስኳሩ፣ የሚጥል በሽታው፣ የአእምሮ ሕመሙ መድኃኒት ሲያልቅበት ከኪሱ ይገዛል፤ ኪሱ ከሌለም ይተወዋል። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ሕመሙ ሳያቋርጥ ተመላልሶ ሊጥል፣ ሊገድልም ይችላል። ለዚህ ሰው ጸበሉ ላይ የሚደረገው ትልቁ ውለታ በሄደበት የሚሠራ መታወቂያ ነው። ስለ እምነት አንድ ቃል ሳንናገር ሕይወት እናተርፋለን።

ሁለተኛ፣ ብዙ ሰው በሚሰበሰብባቸው የጸበልና የጸሎት ቦታዎች አጠገብ ቋሚ የጤና ባለሙያ ይመደብ። መድህኑ ለዚህ አገልግሎት መክፈል ይችላል፤ ምክንያቱም የሚከፍለው ለምርመራና ለመድኃኒት ነው። ነርሷ ጫማዋን አውልቃ ትግባ፣ ከጸበሉ ሲወጡ ትቀበላቸው። የደም ግፊት ትለካ፣ መድኃኒት ትቀጥል፣ ሳሉ የቆየበትን ለሳንባ ነቀርሳ ታስመርምር።

ሦስተኛ፣ ለአጥማቂዎች፣ ለፓስተሮችና ለሼኮች አጭር ሥልጠና ይሰጥ። ሐኪም ይሁኑ ማለቴ አይደለም። ሁለት ነገር ብቻ ይወቁ፦ ዛሬውኑ ሐኪም ማየት ያለበት ታማሚ ምን ምልክት እንዳለው፣ እና በየጉባኤው መጨረሻ «መድኃኒታችሁን እንዳታቋርጡ» ማለትን። ነርሷ ዓመት ሙሉ ለፍታ የማታሳምነውን ሰው አንድ አጥማቂ አባት በአንድ ጠዋት ያሳምነዋል።

አራተኛው ለእናንተ ለሐኪሞች ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። ታማሚው ግን ጸበል መሄዱን የሚደብቀው እናንተን ፈርቶ ነው። ፊታችሁን ሳታኮሳትሩ ጠይቁት፦ ጸበል እየሄድህ ነው? ጾም ይዘሃል? ውሃው ከኪኒኑ ሰዓት ጋር እንዳይጋጭ እንዴት እናድርግ? ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ባዶ ሆዱን ሱባኤ ሲይዝ ሐኪሙ ካላወቀ አደጋው የሁለታቸውም ነው።

አንድ ሰው እዚህ ላይ «ታዲያ ሆስፒታሎች ለሃይማኖት ምንም አያወጡም ማለት ነው?» ቢለኝ፣ ያወጣሉ እላለሁ። በእንግሊዝ የሕዝብ ሆስፒታሎች ታማሚውን የሚያጽናኑ የሃይማኖት አገልጋዮችን በደመወዝ ይቀጥራሉ። ቅጥሩ ግን ለማጽናናት ነው። ማንም «ካንሰሩን አዳነ» ብሎ ሒሳብ አያቀርብም። የሚሞት ሰው አጠገብ የሚቀመጥ ሰው ያስፈልገዋል፤ ለዚህ ለመክፈል ሕዝቡ ቢስማማ እኔ አልቃወምም።

ክቡራትና ክቡራን፣ ላጠቃልል።

የመድህኑ ገንዘብ የሁላችን ነው፤ ስለዚህ ሁላችን ልንመረምረው ለምንችለው ነገር ይውጣ አልኩ። አሜሪካ ሞክራው አልጋው ላይ ቆመች፤ ታማሚውንም አስፈርማ ከሐኪሙ ለየችው አልኩ። ጸሎት ዋጋ ቢወጣለት የሚጎዳው መጀመሪያ ራሱ ጸሎቱ ነው አልኩ። የሚሻለውም ሕክምናውን ይዞ ታማሚው ያለበት መድረስ ነው አልኩ።

አሁን ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ ሦስት ወገኖችን እለምናለሁ። የመድህን ኃላፊዎች፣ መታወቂያው ከወረዳው ወጥቶ እንዲሠራ አድርጉት፤ የመድኃኒት ቤቱን መስኮትም አትርሱ። የሃይማኖት አባቶች፣ «መድኃኒታችሁን አታቋርጡ» የምትለዋን ቃል የፊታችን እሑድና የፊታችን ጁምዓ ተናገሩልን። እናንተ ቤተሰቦች ደግሞ፣ ታማሚያችሁን ወደ ጸበል ስትወስዱ ኪኒኑን ጀሪካኑ አጠገብ ያዙለት። ለጸሎቱ መድህኑ አይክፈል፤ ጸሎቱ ድሮም ነፃ ነው። ለኪኒኑ ግን ይክፈል፤ የትም ይሁን የት።